ታችኛው ክንፉ ያጠረው

ሰይዳ አውሮፕላን መጀመሪያ ያየችው በሚያዝያ 1928 ዓ.ም.፣ ጣልያን መተማን በያዘበት ሰሞን ነው። የከተማው ሰው ገሚሱ ወደ ጓንግ ወንዝ ዱር፣ ገሚሱ ድንበር ተሻግሮ ወደ ገላባት ሲሮጥ፣ እሷ ከአባቷ ሱቅ ደጃፍ ላይ እንዳንጋጠጠች ቀረች። የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ሙሐመድጣሂር ክንዷን ይዘው እየጎተቱ፣

«አንቺ ልጅ፣ አበድሽ? ሞት እኮ ነው አንጋጠሽ የምታይው!» አሏት።

«አባባ፣ ሰው ተቀምጦበታል! ጭንቅላቱ ይታየኛል!» አለች፣ እየተጎተተችም ዓይኗን ከሰማይ ሳትነቅል።

በዚያው ሽሽት ሱዳን ገብተው ገዳሪፍ ከተማ ተቀመጡ። እዚያ የእናቷ ወንድም ሽኩር ፎቶ ቤት ነበራቸው። ሙሽራ፣ ነጋዴ፣ ወታደር፣ ሐጅ የሚሄድ ሽማግሌ፣ ሁሉም ሽኩር ፊት ይቀመጣል። ሽኩር ያነሳሉ፤ ሰይዳ ከጥቁሩ መጋረጃ ኋላ ሆና ታጥባለች። ባዶ ወረቀት መድኃኒት ውስጥ ተነክሮ ቀስ በቀስ ዓይን ሲያወጣ፣ አፍንጫ ሲያወጣ፣ በአራት ዓመት አንድም ቀን ሰልችቷት አያውቅም። አጎቷም ደንበኛ በመጣ ቁጥር፣ «እኔ ማስቀመጥ ብቻ ነው፤ ሰው የምታደርጋችሁ ከመጋረጃው ኋላ ያለችው ናት» ይሉ ነበር። በዚህ መሐል ሷሊህን አገባች። ሷሊህም የመተማ ልጅ ነው፤ በግመል ዕቃ ያመላልሳል፤ ነገር ሁሉ መጀመሪያ «አይሆንም» ብሎ፣ ኋላ ከሁሉ በፊት የሚነሣ ሰው ነው።

በኅዳር 1933 እንግሊዝና ጣልያን በገላባትና በመተማ መካከል እየተታኮሱ ሳለ፣ አንድ ጎፈሬው ትከሻው ላይ የደረሰ ሰው ፎቶ ቤቱን አንኳኳ። አዛናው ይባላል። ከመተማ እስከ አብደራፊ ባለው በረሃ ጣልያንን እያስጨነቀ ካለው ከግራዝማች ሰጠኝ ጦር የተላከ አርበኛ ነው። ውሃ ከጠጣ በኋላ ቁጭ ብሎ ጉዳዩን ተናገረ።

«የኛ ችግር ከሰማይ ነው። ጣልያንም እንግሊዝም የሚያመጡት ተዋጊ አውሮፕላን ድርብ ክንፍ ነው፤ አንዱ ክንፍ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ድምፁም አንድ፣ መልኩም አንድ። ባለፈው አንዱ መጣና ተኮስንበት። የተኮስሁት እኔ ነኝ። ክንፉን በሳሁት። ለካስ የወዳጅ ኖሯል።» ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። «ከዚያ ወዲያ ሌላ መጣ። እንዳንሳሳት ብለን ነጠላ አውለበለብንለት። ያ ደግሞ ጣልያን ሆነ። ሁለት ወንድሞቻችንን በመትረየስ ፈጀብን።»

«ምልክት የለውም እንዴ?» አለች ሰይዳ ከመጋረጃው ብቅ ብላ።

«ምልክቱማ አለ፤ ግን ፀሐይ ከኋላው ስትሆን ጥላ እንጂ ቀለም መች ይታያል? አሁን እትየ አሰበች ከሚባሉ ሴት ማሽላ ላይ አንድ የጣልያን ተዋጊ ወድቋል። ነጂው ተማርኳል፤ አውሮፕላኑ ግን ደህና ነው። ግራዝማች፣ ‹የጣልያኑንም የእንግሊዙንም ፎቶ አንሥታችሁ አምጡልኝ፤ ጦሬ እያየ ይማር› ብለዋል።»

ሽኩር ግን ወባ ጥሏቸው በሦስት ብርድ ልብስ ተጠቅልለው ይንቀጠቀጣሉ። ከአልጋቸው ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል።

«ሰይዳ ትሂድ» አሉ።

ሷሊህ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። «አይሆንም! ሚስቴን ጦር ሜዳ?»

«ታዲያ አንተ ታነሣለህ?» አሉ ሽኩር።

ሷሊህ ካሜራውን አየ፤ ሰይዳን አየ። ዓይኗ እንደ ፋኖስ በርቷል። «ወላሂ፣ ልቧ ሄዷል እኮ» አለ ራሱን እየነቀነቀ። ከዚያ ግመሉን ሊጭን ወጣ።

ጦርነቱ ካመጣው እጦት የተነሣ ቤት ውስጥ የቀረው ፊልም ሁለት ጥቅል ብቻ ነው፤ አንዱ ጥቅል ስምንት ፎቶ ያነሣል። አንደኛውን ይዛ በማግስቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የእንግሊዝ አውሮፕላን ሜዳ ሄደች። አንድ ፂመ ቀይ መኮንን አዛናው ያመጣውን የግራዝማችን ደብዳቤ በአስተርጓሚ ካስነበበ በኋላ ፈቀደላት። ሰይዳ ተዋጊውን ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ አነሣችው። ጢንዚዛ የሚመስል ወፍራም አፍንጫ አለው፤ ክንፉ ሸራ ነው፤ በጣቷ ብትመታው እንደ ከበሮ ይጮሃል። ከዚያ መኮንኑን በአስተርጓሚው በኩል፣

«ከሥሩ ሆኜ ማንሣት አለብኝ። የኛ ሰዎች የሚያዩት ከሥር ነው» አለችው።

መኮንኑ ሳቀ፤ ግን አንዱን ነጂ ጠርቶ አዘዘው። ሰይዳ ሜዳው መሐል በጀርባዋ ተኛች። ተዋጊው ዞሮ መጥቶ በላይዋ ሲያልፍ ምድሩ ተንቀጠቀጠ፤ ንፋሱ የተከናነበችውን ቶብ ገልቦ ወሰደው፤ አቧራው አፏን ሞላው። ቁልፉን ግን በወቅቱ ተጭናዋለች። ሷሊህ ልብሷን ከእሾህ ላይ ለቅሞ ሲመጣ እሷ አቧራ እየተፋች ትስቃለች። «አገኘሁት! አገኘሁት!»

አራት ቀን በግመል ተጓዙ። የጣልያን ቃፊር እንዳያገኛቸው መንገዱን ትተው፣ ሰው በማይታይበት ረጅም ሣር ውስጥ እየተሹለከለኩ ጓንግን ተሻገሩ። በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ከእትየ አሰበች ማሳ ደረሱ። የሚታየው ሁሉ የደረሰ ማሽላ ነው፤ ራሱ ቀልቶ አጎንብሷል። አሰበች ሃምሳን ያለፉ፣ ጎንበስ ብለው ሲያጭዱ ከወጣት የማያንሱ ገበሬ ናቸው። ባላቸው ሞተው መሬቱን ብቻቸውን ይዘዋል።

«መጣችሁልኝ?» አሉ፣ ማጭዳቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው። «ኑ እዩልኝ ጉዴን። አንድ ጥማድ ማሽላ ጨፍልቆ ተቀመጠብኝ። እንደ በሬ አይታረስበት፣ እንደ ላም አይታለብ!»

«የታለ እትየ?» አለች ሰይዳ ዙሪያውን እየቃኘች።

«ፊትሽ ያለው ምንድን ነው?»

ሰይዳ የአገዳ ክምር መስሏት ነበር። አሰበች ጣልያን ፈልጎ እንዳያቃጥለው ብለው ሙሉውን አውሮፕላን አገዳ አልብሰውታል። ግራዝማች ሰጠኝም እዚያው ነበሩ፤ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ፂማቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ሽኩርን ሲጠብቁ ሴት ስለመጣች ካሜራውንና እሷን አፈራርቀው አዩ።

«ልጄ፣ ሥራውን ታውቂዋለሽ?»

«ግራዝማች፣ ካላወቅሁ በሚመጣው አውሮፕላን ይተኮስብኝ» አለች።

ሰውየው ፈገግ አሉና ሰዎቻቸውን አዘዙ። «ግለጡ! ቶሎ! ስትጨርስ ወዲያው አልብሱት።»

ሃያ ሰው ክምሩ ላይ ተረባረበ። አገዳው ሲነሣ መጀመሪያ ነጩ ጭራ ወጣ፤ ከዚያ አረንጓዴና ቡናማ የተዥጎረጎረው ገላ፣ ከዚያ ክንፎቹ። የሰይዳ ልብ እንደ ሙሽራ ልብ ይመታ ነበር። ፀሐይዋን አይታ፣ ዞራ፣ ተንበርክካ፣ ግመሉ ጀርባ ላይ ወጥታ አነሣች። ብረቱ ከፀሐይ የተነሣ እጅ ያቃጥላል፤ ቤንዚንና የደረቀ ማሽላ አንድ ላይ ይሸታል። ከአርበኞቹ አንዱ የነጂው ወንበር ላይ ገብቶ፣ «ጎንደር የምትሄዱ ተሳፈሩ!» ሲል ሁሉም በሳቅ ፈረሰ። ሰይዳ ስድስት ፎቶ አነሣች። ሁለት ቀራት። የሚጎድላት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያም ከሥሩ፣ በሰማይ ላይ እንዳለ የሚያሳየው ነው። መሬት ላይ የተቀመጠ አውሮፕላን ደግሞ ይህን አይሰጥም።

ይህን እያሰበች ሳለ ከምሥራቅ በኩል እንደ ንብ መንጋ ያለ ድምፅ መጣ።

«አልብሱት!» አሉ ግራዝማች። ሰዉ አገዳውን እየወረወረ ክምሩ ላይ ከመረና ወደ ማሽላው ውስጥ ተበተነ። ሷሊህ ግመሉን አስተኝቶ ሚስቱን ሲፈልግ የለችም። ወደ ታጨደው ባዶ መሬት ስትሮጥ አያት።

«ሰይዳ! ነይ ወዲህ! ሰይዳ!»

አልሰማችውም፤ ብትሰማም አትመለስም ነበር። ገለባው ላይ በጀርባዋ ተጋደመች፤ ካሜራውን ደረቷ ላይ አስደግፋ ጠበቀች። ተዋጊው ብቻውን ነው፤ የጠፋ ወንድሙን ፍለጋ ይመስላል፣ ዝቅ ብሎ ማሳውን እያሸተተ መጣ። በካሜራው መመልከቻ መስኮት ውስጥ መጀመሪያ ዝንብ አከለ፤ ከዚያ ድንቢጥ፤ ከዚያ ጭልፊት። እጇ ሊጫን ቃጣው። «ገና ነው፤ ገና» አለች ለራሷ። መስኮቱን ከዳር እስከ ዳር ሲሞላው ተጫነችው። ፊልሙን አዙራ ጭራውን ተከትላ ደገመችው።

«ጨረስኩ!» ብላ ብድግ ስትል አውሮፕላኑ ተጠማዞ ተመለሰ። አይቷታል። ሷሊህ እየበረረ ደርሶ ወገቧን አፈፍ አደረገና ከአንድ ትልቅ ኩይሳ ኋላ ወረወራት፤ ራሱም በላይዋ ወደቀባት። ጥይቱ ገለባውን እየሰፋ መጥቶ የኩይሳውን አናት ገመሰው። አፈሩ ዘነበባቸው። ካሜራው በሰይዳ ሆድና በመሬቱ መካከል ነው።

ተዋጊው ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ ክምሩ ላይ ተኮሰ። አገዳው ተቀጣጠለ፤ ቤንዚኑ ፈነዳ፤ ጥቁር ጭስ ወደ ሰማይ ቆመ። ነጂው ፍላጎቱ ሞላለትና ወደ መጣበት ሄደ። አርበኞቹ ቅጠል እየቆረጡ፣ አፈር እየበተኑ እሳቱ ማሽላው ውስጥ እንዳይገባ ሲታገሉ፣ አሰበች ማጭዳቸውን እንደያዙ ከፊት ነበሩ። ጥቂት ማሽላ ተቃጠለ፤ ሌላው ተረፈ። ሰው አልሞተም።

«እሰይ! ከመሬቴ ተነሣልኝ» አሉ አሰበች ፊታቸው በጥላሸት ጠቁሮ።

ሷሊህ ግን ሚስቱን ከኩይሳው ኋላ አንሥቶ አቆማት። «እኔ ባልሽ ነኝ ወይስ ጠላትሽ? ለምን ትገድይኛለሽ?» አላት። ሰይዳ አቧራውን ከፊቱ ላይ በቶቧ ጫፍ ጠረገችለት። ከዚያ እኩል ሣቁ፤ እስኪያለቅሱ ድረስ ሣቁ።

አውሮፕላኑ አመድ ስለሆነ፣ ያ አንድ ጥቅል ፊልም ብቻ ቀረ። ሰይዳ ወደ ገዳሪፍ ይዛው እስክትመለስ መጠበቅ አልፈለገችም። ወረቀቱንና መድኃኒቱን፣ ገዳሪፍ አጥባ የጨረሰችውን የእንግሊዙን ፊልምም ይዛ መጥታለች። የአሰበች ጎጆ በርና ቀዳዳ በጋቢና በጭቃ ተደፈነ፤ ፋኖሷ በቀይ ጨርቅ ተሸፈነች። ክፉው ነገር ውሃው ነው። የበረሃ ውሃ እንደ ሻይ ይሞቃል፤ ፊልም ደግሞ ሙቅ ውሃ ውስጥ ከገባ ላዩ ላይ ያለው ቆዳ እንደ ቅቤ ይቀልጣል፤ ፎቶው ይጠፋል።

«ውሃ ማቀዝቀዝ ነው የቸገረሽ?» አሉ አሰበች። ውሃውን ጊርባ በሚባለው የፍየል ቆዳ ሞልተው ንፋስ የሚያገኘው የግራር ቅርንጫፍ ላይ ሰቀሉት። ቆዳው ሲያልበው፣ ንፋሱ ሲያደርቀው፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ውሃው ጥርስ የሚያሳምም ሆነ።

ሰይዳ ጎጆው ውስጥ ገብታ ፊልሙን በሁለት እጇ እያወዛወዘች አጠበች። ውጭ ያለው ሰው ሁሉ በሩን ከቦ ይጠብቃል። ከብዙ ቆይታ በኋላ፣

«ወጣ!» የሚል ጩኸት ከውስጥ ተሰማ። «ሁሉም ወጣ!»

በማግስቱ ጠዋት ፎቶዎቹን ወረቀት ላይ አትማ፣ ከሥር የተነሡትን ሁለቱን፣ የእንግሊዙንና የጣልያኑን፣ ጎን ለጎን ግራዝማች ፊት አስቀመጠች። ግራዝማች አዩ፤ አዛናው አየ፤ ሰዎቹ በየትከሻው ላይ ተንጠራርተው አዩ።

«አንድ ናቸው» አሉ ግራዝማች በረጅሙ ተንፍሰው። «ደከምሽ እንጂ ልጄ፣ አንድ ናቸው።»

ሰይዳ ግን በፎቶ ቤቱ አራት ዓመት መንታ ወንድማማቾችን ሳይቀር ለይታለች። ወረቀቶቹ ላይ አጎንብሳ ከአፍንጫ ወደ ጭራ፣ ከጭራ ወደ ክንፍ ሄደች። ከዚያ መሬት ላይ የወደቀ ሰምበሌጥ አንሥታ በእንግሊዙ ላይኛ ክንፍ ልክ ቆረጠችው። ታችኛው ክንፍ ላይ አጋደመችው። ልክ ሆነ። ሌላ ሰምበሌጥ በጣልያኑ ላይኛ ክንፍ ልክ ቆርጣ፣ ታችኛው ላይ አጋደመች። በሁለቱም በኩል ተረፈ።

«አያጥርም?» አለች የተረፈውን ጫፍ በጣቷ እያሳየች። «የጣልያኑ ታችኛው ክንፍ ያጥራል! የእንግሊዙ እኩል ነው! ጥላ ብቻ ቢታይ እንኳ ይኼ አይደበቅም!»

አዛናው ሰምበሌጡን ተቀብሎ ራሱ ለካ። ደግሞ ለካ። ከዚያ ወረቀቱን እንደ ጽዋ ማኅበር ዳቦ በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ለሰዉ አሳየ።

አሰበች ጠጋ ብለው አዩና፣ «ነጠላዋ ረጅም፣ ቀሚሷ አጭር የሆነች ሴት ናታ!» አሉ። ሰዉ ሳቀ። ግራዝማች ግን ቃሉን ለጦራቸው አሳጠሩት፤ «እኩል ከሆነ ተወው፤ ካጠረ ጣለው።»

ሰይዳ ወረቀቷ እስኪያልቅ አተመች። ሃያ አራት ወጣ። እያንዳንዱ የጦር አለቃ አንድ አንድ ወሰደ፤ አንዳንዱ ከክታቡ ጋር አንገቱ ላይ አንጠለጠለው። የመጡበትን የሣር መንገድ የጣልያን ቃፊር ለጊዜው ስለዘጋው እሷና ሷሊህ እዚያው ቆዩ። ጠዋት ጠዋት ሰዉን እያስቀመጠች ታስተምር ነበር፤ በአገዳ ሁለት ዓይነት አውሮፕላን ሠርታ ከዛፍ ላይ እያንጠለጠለች፣ «ይኼስ?» ትላለች። «ጣለው!» ይላል ሰዉ በአንድ ድምፅ።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ከመተማ በኩል ተዋጊ አውሮፕላን ጭስ እየጎተተ መጣ። ዝቅ ብሏል፤ ሞተሩ ያስላል። ፀሐይ ከኋላው ናት፤ ቀለሙ አይታይም። መቶ ጠመንጃ በአንድ ጊዜ ቀና አለ። ሰይዳ አፏን በእጇ ይዛ አዛናውን አየችው። አዛናው ምንሽሩን ትከሻው ላይ ደግኖ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ለረጅም ጊዜ ቆየ። ድንገት ጠመንጃውን ወደ መሬት ወረወረው።

«እኩል ነው!» ብሎ ጮኸ። «እኩል ነው! እንዳትተኩሱ!»

«እኩል ነው! እኩል ነው!» ቃሉ ከማሳ ማሳ ተቀባበለ። አንድ ጥይት አልጮኸም። አውሮፕላኑ ጥቁሩ ዋልካ አፈር ላይ አረፈ፤ ተንገጫገጨ፤ አንድ እግሩ ተሰበረና በጎኑ ተጋደመ። ነጂው ግንባሩ እየደማ ሽጉጡን ይዞ ወጣ። ጎፈሬ ያለው መቶ ሰው ወደ እሱ ሲሮጥ ሲያይ ሽጉጡን ደገነ።

ሰይዳ ሁሉን ቀድማ ደረሰች። ከእንግሊዝ ወታደሮች ፎቶ ቤት ውስጥ የለቃቀመቻት ቋንቋ ጥቂት ናት። «ኖ ሹት! ፍሬንድ!»፣ አትተኩስ፣ ወዳጅ ነን ብላ ፎቶውን ዘረጋችለት። ነጂው የራሱን አገር አውሮፕላን በአርበኛ ምድር በወረቀት ላይ አይቶ ደነገጠ። ወረቀቱን ተቀበለ፤ አየው፤ ጭራው ላይ ያለውን ፊደል በጣቱ ነክቶ የወዳጁ አውሮፕላን መሆኑን በምልክት ነገራት። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ደምና እንባ እየቀላቀለ ሳቀ። አሰበች ግንባሩን በነጠላቸው ጫፍ አሠሩለት። አዛናው ደግሞ እጁን ይዞ አለቀቀውም።

ሷሊህ፣ «ግመሌ ፈረንጅ አይጭንም» አለ። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ነጂውን በግመሉ ላይ አስቀምጦ፣ ራሱ ልጓሙን ይዞ፣ በሣሩ ውስጥ ድንበር አሻገረው።

በጥር መጨረሻ ጣልያን መተማን ለቆ ወጣ። ሰይዳም ከአባቷ ጋር ተመለሰች። የአባቷ ሱቅ ጣራ የለውም፤ ግድግዳው ግን ቆሟል። በአንደኛው ክፍል አባቷ ጨርቅ መሸጥ ጀመሩ፤ በሁለተኛው ጥቁር መጋረጃ ተሰቀለ። በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን፣ ከበረሃ የወረዱት አርበኞች ከነጠመንጃቸው ተሰልፈው በሩ ላይ ሞሉ። ሁሉም ከመሞቱ በፊት መልኩ እንዲቀር ይፈልጋል።

ሷሊህ በሩ ላይ የሚሰቀለውን ጣውላ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ብሩሹን ቀለም ውስጥ ይነክራል። ማንበብና መጻፍ የተማረው በእስልምና ትምህርት ቤት በዓረብኛ ስለሆነ፣ የአማርኛውን ፊደል ሰይዳ መሬት ላይ ጽፋለት እያየ ነው የሚገለብጠው።

«‹የሷሊህ ፎቶ ቤት› ብል አይሻልም? ባል አለሽ እኮ» አለ።

«ማንሣት ትችላለህ?»

«አልችልም።»

«እንግዲያው ጻፍ።»

ሷሊህ ምላሱን በጥርሱ ይዞ፣ «ሰ»ን አጣሞ፣ «ዳ»ን ከጣውላው ጫፍ ሊያስወጣት ምንም ሳይቀረው «የሰይዳ» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩም «ፎቶ ቤት» ጨመረ። ከዚያ ጣውላውን ከፍ አድርጎ ለተሰለፈው ሰው አሳየ፤ ሰዉም፣ ማንበብ የሚችለውም የማይችለውም፣ እልል አለ።